እድፍ የገባበት ፕላቲነም

አዲስ አበባ ውስጥ ያረጀ መኪና ይዞ ጋራዥ የሚመላለስ ሰው ይህችን ሳይሰማ አይቀርም። «ወንድሜ፣ ካታላይዘሩን እናውጣልህ። ትንፋሽ እያሳጣው ነው።» የሚስማማ አይጠፋም። ከማርሚታው በፊት ያለችው ጣሳ ትቆረጣለች፣ ውስጧ ይፈለፈላል፣ ባዶዋን ተመልሳ ትበየዳለች። ከውስጧ የወጣው ደግሞ ገዢ አለው። ፕላቲነም አለበታ!

እኔም ተጠይቄ አውቃለሁ። እምቢ አልኩ። መካኒኩ ለምን ሲለኝ «ይቅር ብቻ» ብዬ አለፍኩት። እውነቱን ለመናገር፣ እዚያች ጣሳ ውስጥ የሚካሄደውን ነገር በኮምፒውተር ሳስመስል ብዙ ሌሊት አሳልፌያለሁ። ዘመድ ሆናብኛለች።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ጣሳዋ ውስጥ ጥቃቅን ቀዳዳ የሞላው ሸክላ አለ። ግድግዳው ላይ ፕላቲነምና መሰሎቹ በስሱ ተቀብተዋል። ከሞተሩ የሚመጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ እዚያ ላይ ያርፋል፤ ዝግ ቤት ውስጥ ከሰል አንድዶ የተኛውን ሰው የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። ኦክስጅንም ይመጣና ከጎኑ ያርፋል። ሁለቱ ሲገናኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆነው ይሄዳሉ፤ ቦታው መልሶ ባዶ ይሆናል። ፕላቲነሙ አገናኝ ነው። አያልቅም፣ አይቃጠልም።

አያልቅም እንጂ ይጨናነቃል። ይህን ቀድሞ በወጉ ያሳየው የጀነራል ኤሌክትሪኩ ኬሚስት ኢርቪንግ ላንግሚዩር ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1922 ነበር (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ሲበዛ ቃጠሎው ይፈጥናል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይሳሳታል። ይባስ ብሎ ይዘገያል። ጋዙ ፕላቲነሙን ሸፍኖ ለኦክስጅን መቀመጫ ያሳጣዋል። ላንግሚዩር በ1932 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለመው እንዲህ ባለው የገጽ ኬሚስትሪ ሥራው ነው።

እኔ የያዘኝ ሞዴል ግን በ1986 የወጣ ነው። ሮበርት ዚፍ፣ ኤርዶጋን ጉላሪና ዮአቭ ባርሻድ «ፊዚካል ሪቪው ሌተርስ» በሚባለው የፊዚክስ መጽሔት ላይ አጭር ጽሑፍ አወጡ። ከስማቸው መነሻ ፊደላት ተወስዶ «ዜድ ጂ ቢ» እየተባለ ይጠራል። ደንቡ በጣም ትንሽ ከመሆኑ የተነሳ ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ተማሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጽፈዋል።

ባለ ካሬ ሰሌዳ ውሰዱ። እያንዳንዱ ካሬ የፕላቲነሙ አንድ መቀመጫ ነው። ከላይ ሁለት ዓይነት ጋዝ ይዘንባል። በእያንዳንዱ ዙር ዕጣ ይወጣል፤ የሚመጣው ወይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው ወይ ኦክስጅን። የካርቦን ሞኖክሳይዱን ድርሻ እኛ እንወስናለን። ካርቦን ሞኖክሳይድ አንድ ባዶ ካሬ ካገኘ ይበቃዋል። ኦክስጅን ግን ሞለኪውሉ ሁለት አተም ስለሆነ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ባዶ ካሬዎች ይፈልጋል። ሁለት ሆነው መጥተው «ተለያይተን አንቀመጥም» የሚሉ የታክሲ ተሳፋሪዎች ማለት ናቸው። ረዳቱ «አንድ ሰው!» እያለ ቢጮህ ለነሱ ምናቸውም አይደለም። ካረፉ በኋላ ካርቦን ሞኖክሳይድና የኦክስጅን አተም ጎረቤት ከሆኑ ወዲያው ተያይዘው ይወጣሉ። አለቀ። ሙቀት የለም፣ ግፊት የለም፣ መንሸራተት የለም።

ከዚህ ምን ይገኛል? በኬሚስትሪ ሂሳብ ለአንድ የኦክስጅን ሞለኪውል ሁለት ካርቦን ሞኖክሳይድ ያስፈልጋል። ስለዚህ የካርቦን ሞኖክሳይዱ ድርሻ ሁለት ሦስተኛ ሲሆን ሁሉም የሚሰምር ይመስላል። ሰሌዳው ግን እዚያ ሳይደርስ ገና ድሮ ሞቷል። ድርሻው ከ0.39 ገደማ ሲያንስ ኦክስጅን ሰሌዳውን ሞልቶ ይዘጋዋል። ከ0.525 ገደማ ሲበልጥ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይዘጋዋል። ሥራ የሚሠራው በመካከል ባለችው ጠባብ መስኮት ብቻ ነው። ሁለት ባዶ ካሬ ጎን ለጎን ማግኘት አንድ ከማግኘት ይከብዳል፤ ኦክስጅን ከድርሻው በታች የሚያገኘው ለዚህ ነው።

መስኮቷ ሁለት ጫፍ አላት፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። በኦክስጅኑ በኩል ለውጡ ለስላሳ ነው። ወደ ጫፉ ስትጠጉ ምርቱ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ይሄድና ዜሮ ይሆናል። በካርቦን ሞኖክሳይዱ በኩል ግን ገደል ነው፤ ምርቱ በአንድ ዝላይ ዜሮ ይሆናል። ውሃ ሲፈላና ማግኔት ሲሞቅ የምናውቃቸው ሁለቱ የፌዝ ትራንዚሽን (ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ የመለወጥ) ዓይነቶች እዚህች ሚጢጢ ሰሌዳ ላይ አብረው ይኖራሉ። ይህ ነው የፊዚክስ ሰዎችን ያማለላቸው።

ገደሉን ማየት የፈለገ ድርሻውን 0.527 ላይ ያድርገውና ቁጭ ብሎ ይመልከት። እኔ ኦክስጅንን ቀይ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን ጥቁር፣ ባዶውን ነጭ አድርጌ ነበር የማየው። መጀመሪያ ምንም የተበላሸ ነገር የለም። ሰሌዳው ቀይና ነጭ ሆኖ ይርገበገባል፣ እዚህም እዚያም ጥቁር ነጠብጣብ ብቅ ይልና ይጠፋል። ቡና አፍልታችሁ ብትመለሱ ያው ነው። ከዚያ አንዱ ነጠብጣብ በለስ ይቀናዋል። ከጎረቤቱ ጋር ይገጥምና የጥፍር ያህል ይሆናል። አሁን ውስጡ ኦክስጅን የሚያርፍበት ጥንድ ባዶ ቦታ የለም፤ የሚበላው ከጠርዙ ብቻ ነው። ጠርዙ በሁሉም አቅጣጫ ይገፋል። ስልካችሁን አንስታችሁ መልእክት እስክታዩ ሰሌዳው ጠቁሯል። አንዴ ከጠቆረ በሞዴሉ ደንብ መመለሻ የለውም።

አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምር። ከፍተኛው ምርት የሚገኘው ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ድርሻውን ከፍ ባደረጋችሁ ቁጥር የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ምርት ያድጋል፣ ያድጋል፣ ልክ ከመውደቁ በፊት ጣራ ይነካል። ጥሩ ምርት የሚፈልግ ሰው አፋፉ ላይ ለመቆም ይገደዳል ማለት ነው። እድፍ ነገር የሚያመጣው እንግዲህ እዚህ ጋ ነው።

ምክንያቱም እስካሁን ያወራነው ስለ ንጹሕ ሰሌዳ ነው። ንጹሕ ፕላቲነም ያለው አየሩ በተመጠጠ የላቦራቶሪ ዕቃ ውስጥ ነው፤ ጀርመናዊው ጌርሃርድ ኤርትል ለ2007ቱ የኬሚስትሪ ኖቤል የበቃው እንዲህ ባሉ ንጹሕ ገጾች ላይ ለዓመታት በሠራው ሥራ ነው። መንገድ ላይ የሚሄድ መኪና ውስጥ ግን ድኝ አለ፣ ከሞተር ዘይት የሚመጣ ፎስፈረስ አለ፣ ድሮ ደግሞ እርሳስ ነበር። እርሳሱ ነዳጅ ውስጥ የሚጨመረው ሞተሩ እንዳይንኳኳ ነበር፤ ፕላቲነሙን ግን ሸፍኖ ይገድለዋል። ስለዚህ አሜሪካኖች ከ1975ቱ ሞዴል ጀምሮ ካታላይዘር ሊገጥሙ ሲሉ፣ እርሳስ የሌለበት ቤንዚን በየማደያው እንዲገኝ ከ1974 ጀምሮ አስገደዱ። የሚገርመው፣ ያ ደንብ የወጣው ካታላይዘሩ እንዳይበላሽ ታስቦ ነው፤ የልጆችን አእምሮ ማዳኑ በሌላ በኩል የመጣ ክርክር ነበር። ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ ደግሞ ዳካር ላይ በ2001 ተስማምቶ በ2005 መጨረሻ ከእርሳስ ቤንዚን ወጣ።

እድፉን ሞዴሉ ውስጥ ማስገባት ቀላል ነው። ጥቂት ካሬዎችን በዕጣ መርጠህ ትዘጋለህ። ማንም አያርፍባቸውም። ከመቶ አሥሩን ብንዘጋ ምርቱ ከመቶ አሥር ይቀንሳል ብሎ የሚያስብ አለ። እስቲ እናስላው። ከመቶ አሥሩ ሲዘጋ ለካርቦን ሞኖክሳይድ ዘጠናው ክፍት ነው። ኦክስጅን ግን ጥንድ ነው የሚፈልገው፤ ሁለቱም ያልተዘጉ የመሆናቸው ዕድል 0.9 ሲባዛ በ0.9 ነው፤ 81 ከመቶ። ሠላሳ ብንዘጋ ለአንዱ 70 ይቀርለታል፣ ለሌላው 49 ብቻ። እድፉ ማንንም ለይቶ አልመታም። ጉዳቱ ግን ጥንድ በሚፈልገው ላይ ከበደ። ውጤቱ ገደሉ ወደ እኛ ይጠጋል። ትናንት በደህና የሠራንበት ድርሻ ዛሬ ከገደሉ ማዶ ሆኖ ይገኛል። አፋፉ ላይ የቆመ ደግሞ መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው።

እስከዚህ ያለውን የኮምፒውተር ችሎታ የሌለውም በወረቀት ይገምተዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ግን እኔን ዛሬም ይገርመኛል። እድፉ ገደሉን ከማስጠጋትም አልፎ ገደልነቱን ያጠፋዋል።

በ2000 ሆኒኬና ፊጌሬዶ ይህንኑ ሞዴል በዕጣ ከተዘጉ ካሬዎች ጋር አጠኑት። የተዘጉት ካሬዎች ከ10 በመቶ ባነሰ መጠን ላይ እንዳሉ ዝላዩ ወደ ለስላሳ ለውጥ ተቀየረ። ለምን ቢባል ያቺን ጥቁር ነጠብጣብ መልሳችሁ አስቧት። ንጹሕ ሰሌዳ ላይ ጠርዟ የሚያቆመው ነገር የለም፤ ከተነሳች ሁሉን ትጠርጋለች። እድፍ ያለበት ሰሌዳ ላይ ግን አንዱ ሰፈር እድፍ በዝቶበት ቶሎ ይጠቁራል፣ ሌላው ሰፈር በአጋጣሚ ንጹሕ ሆኖ ይከርማል። ጠርዙ እዚህ ይያዛል፣ እዚያ ይዘገያል። ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚወድቅበት ነጥብ ይጠፋል። ሰፈር በየተራ ይሞታል፤ ከላይ ሆኖ ለሚያየው ለውጡ ቁልቁለት ይመስላል።

ይህ የአንድ ሞዴል ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሚዛን ላይ ላሉ፣ ማለትም ወዲያም ወዲህም እኩል ለሚመላለሱ ሥርዓቶች፣ የፊዚክስ ሊቃውንቱ ኢምሪና ማ በ1975 ሐሳቡን ጠቁመው ነበር፤ አይዘንማንና ዌር በ1989 በሒሳብ አጸኑት። በሁለት ልኬት ባለ ገጽ ላይ በዕጣ የተረጨ እድፍ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ዝላዩን ያለሰልሰዋል። እንደኛ ሰሌዳ ያለው፣ አንዴ ከሞተ የማይነሳ ሥርዓት ግን ከሚዛን ውጪ ስለሆነ ማረጋገጫው አይነካውም ነበር። በ2014 ቪላ ማርቲን፣ ቦናቼላና ሙኞዝ ያው ነገር እዚያም እንደሚሠራ የሚያሳይ ጥናት አወጡ። እኔ ይህን ሳነብ መጀመሪያ የመጣብኝ ስሜት እፎይታ ነበር። እድፍ መጥፎ ነው ስንል ከርመን፣ ለካ ድንገተኛ ሞትን ወደ ዘገምተኛ ሞት ይቀይራል። መሐንዲስ ብሆን ከሁለቱ የቱን እንደምመርጥ አውቃለሁ፤ ቀስ እያለ የሚሞተው ማስጠንቀቂያ ይሰጣል።

በለስላሳው ጫፍ በኩል ያለው ታሪክም አይናቅም፣ ግን እሱን ለማየት ከዜድ ጂ ቢ ይልቅ ቀለል ያለ ዘመዱን መያዝ ይሻላል። «ኮንታክት ፕሮሰስ» ይሉታል፤ ቲ. ኢ. ሃሪስ በ1974 ያወጣው፣ ሕመም ከካሬ ወደ ጎረቤት ካሬ የሚተላለፍበት የወረርሽኝ ሞዴል ነው። በዚያው በ1974 ኤ. ቢ. ሃሪስ የተባለ ሌላ ሰው፣ እድፍ የለስላሳ ለውጥን ጠባይ መቼ እንደሚቀይር የሚናገር መመዘኛ አወጣ። ሁለት ሃሪስ፣ አንድ ዓመት፣ ሥራቸውም ኋላ ላይ ተገናኘ። ተማሪ እያለሁ አንድ ሰው ይመስሉኝ ነበር።

በሁለተኛው ሃሪስ መመዘኛ ሲለካ፣ የመጀመሪያው ሃሪስ ሞዴል እድፍ አይችልም። ጠባዩ ይለወጣል። የሚሆነው እንዲህ ነው። በሰሌዳው ላይ ያለው ወረርሽኝ በጥቅሉ ሲታይ መሞት አለበት። ግን ሰሌዳው ሰፊ ከሆነ፣ የሆነ ቦታ ላይ በዕጣ እድፍ ያልነካው ሰፋ ያለ ቀበሌ መኖሩ አይቀርም። እዚያ ሕይወት ትቀጥላለች። ቀበሌው በሰፋ ቁጥር የመገኘት ዕድሉ በጣም ያንሳል፤ ከተገኘ ግን ዕድሜው በዚያው ልክ እጅግ ይረዝማል። ሁለቱ ሲጣፉ አጠቃላይ ሞቱ በፍጥነት መሆኑ ይቀርና እየተንፏቀቀ፣ ማለቂያ የሌለው ይመስላል። በ1969 ሮበርት ግሪፊትስ ስለ ማግኔቶች ካነሳው ሐሳብ ተነስተው «የግሪፊትስ ፌዝ» ይሉታል። ኮምፒውተር ላይ ይህን ማየት ያሰለቻል፤ ሳይናገሩ አይታለፍም። ሌሊቱን ሙሉ ይሮጣል፣ ጠዋት ስትነሳ ጥግ ላይ ያለች አንዲት ነጥብ አሁንም ትርገበገባለች። መብራት ካልሄደ።

እስካሁን እድፉ ከመጀመሪያው የተቀመጠ፣ የማይነቃነቅ ነበር። እውነተኛው እድፍ ግን ብዙ ጊዜ ከጋዙ ጋር ነው የሚመጣው። ይህን በደንብ ያዩት ግሎሪያ ቡዌንዲያ ከካራካስና ፐር አርነ ሪክቮልድ ከፍሎሪዳ ናቸው። በ2012 ባወጡት ጥናት ከሁለቱ ጋዞች ጋር ሦስተኛ፣ ከማንም ጋር የማይዋሃድ ጋዝ ቀላቀሉ። ያርፋል፣ ይቀመጣል፣ ሌላ ሥራ የለውም።

እዚህ ጋ መጠኑ ሳይሆን መልቀቁ ነው ወሳኙ። እድፉ አርፎ የማይነሳ ከሆነ፣ ከሺህ አንድ ይሁን ከመቶ አንድ ለውጥ የለውም። ሌሎቹ ተዋህደው ይወጣሉ፤ እሱን ግን የሚያስወጣው የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ያረፈው ለዘለዓለም ነው፤ ውሎ አድሮ ምርቱ ዜሮ ይሆናል። መጠኑ የሚወስነው ቀኑን ብቻ ነው። እድፉ ትንሽ በትንሽ መነሳት ከቻለ ግን የምርቷ መስኮት በከፊል ተመልሳ ትከፈታለች።

በተከታዩ ሥራቸው ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ራሱ አንዳንዴ ሳይዋሃድ እንዲነሳ ፈቀዱለት። ሲሞቅ የሚሆነው ይኸው ነው። ገደሉ ለሰለሰ፣ መስኮቷ ሰፋች፣ በየትኛውም የካርቦን ሞኖክሳይድ ድርሻ ላይ ሥራው ሳይቋረጥ ቀጠለ። እድፉ ያደረሰውን ጉዳት ሙቀቱ አካካሰው። የመኪና ካታላይዘር ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ምንም እንደማይሠራ የሚያውቅ ሰው ይህ አይደንቀው ይሆናል። ግን ከዕጣና ከካሬ ብቻ መውጣቱ ደስ ይላል።

ሞዴሉን አጋንኜ እንዳልሸጥላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከሁለቱ ጫፎች አንዱ፣ ኦክስጅን ሰሌዳውን የሚዘጋበት፣ በእውነተኛ ፕላቲነም ላይ አይታይም። ኦክስጅን እንደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ተጠጋግቶ አይቀመጥም፤ ሌላው የሚገባበት ቦታ ይቀራል። ቡዌንዲያና ሪክቮልድም ይህንን ጫፍ የሚያጠፋ ማስተካከያ ነው የተጠቀሙት። ይህ ሲነገራቸው «ታዲያ ምን ይጠቅማል?» የሚሉ ኬሚስት ጓደኞች አሉኝ። መልሴ አጭር ነው። ሞዴሉ ስህተቱ የት እንዳለ በጣት ይጠቆማል። ሃምሳ መለኪያ ያለው ሞዴል ሲሳሳት የትኛው እንዳሳሳተው ማን ያውቃል?

እድፍ ሁሉ ደግሞ ጠላት አይደለም። ለዚህ የምወደው ታሪክ የአሞኒያው ነው። ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያ ከአሞኒያ ነው የሚሠራው፤ አሞኒያው ደግሞ ብረት ላይ። በ1909 ጀርመን ውስጥ ባስፍ ኩባንያ፣ አልቪን ሚታሽና ቡድኑ ርካሽ ካታሊስት (አገናኝ) ፍለጋ ላይ ነበሩ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሙከራዎች ገና ወደፊት ይጠብቋቸው ነበር። ንጹሕ ብረት ብዙም አልረባም። ከስዊድን፣ ከዬሊቫሬ አካባቢ የመጣ የማግኔታይት ማዕድን ግን ግሩም ሠራ። ብረቱ ያው ብረት ነው። ልዩነቱ ማዕድኑ ተፈጥሮ የቀላቀለችበት ባዕድ ነገር ነበረበት። ከዚያ በኋላ እነ ሚታሽ እያሰቡበት መቀላቀል ጀመሩ፤ አሉሚና፣ ፖታሽየም፣ ካልሲየም። ድኝ ግን እዚያም ገዳይ ነው። አንዱን ባዕድ ለቅመው ያስገባሉ፣ ሌላውን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ያጣራሉ።

ባለ ካሬው ሰሌዳ ይህን ዓይነቱን ረዳት እድፍ አያውቅም። ለሱ የተዘጋ ካሬ የተዘጋ ነው። እኔ አሁን የያዝኩት ጥያቄ ከዚህ ያነሰ ነው። ከላይ ያለው ሒሳብ ሁሉ እድፉ ተበትኖ ነው የሚል ግምት አለበት። 81 ከመቶ ያልነው ለዚያ ነው። ያው አሥር ከመቶ በአንድ ጥግ ቢከማችስ? ያኔ ኦክስጅን የሚያጣው ጥንድ ከድርሻው ብዙም አይበልጥም፤ ክፍት የሚቀርለት ወደ 90 ከመቶ ይጠጋል። ገደሉም ያን ያህል አይጠጋም ማለት ነው። እውነተኛ ገጽ ላይ እድፍ በእኩል አይረጭም፤ ስንጥቅና ደረጃ ያለበት ጠርዝ ላይ መሰብሰብ ይወዳል። ስለዚህ ስንት እድፍ አለ ከማለት በፊት የት የት ነው ያለው ማለት ያስፈልጋል። የክምችቱን መጠን እየቀያየርኩ፣ ጠቅላላውን እድፍ ሳልነካ፣ ገደሉ የት ላይ ወደ ቁልቁለት እንደሚቀየር የሚፈልግ ፕሮግራም ጽፌያለሁ። ትንንሾቹ ሰሌዳዎች ላይ አልቋል። ትልቁ ገና እየሮጠ ነው።